“ኩላሊቱ ውሃ ቋጥሯል” ብሎ ማቆም አይበቃም፦ የላይኛው ሽንት ቧንቧ ካንሰርን ደረጃ በአልትራሳውንድ ያየንበት ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

ሽንት ከኩላሊት ተነስቶ ፊኛ እስኪደርስ በሚያልፍበት መንገድ፣ ማለትም በኩላሊቱ የሽንት መሰብሰቢያ (ፔልቪስ) ወይም ሽንትን ወደ ፊኛ በሚያወርደው ቱቦ (ዩሬተር) ውስጠኛ ሽፋን ላይ የሚነሳው ካንሰር ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ከዚህ ሽፋን ከሚነሱት ካንሰሮች ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ብቻ እዚህ ላይ ይገኛሉ፤ የቀሩት በአብዛኛው የፊኛ ናቸው። አስቸጋሪ የሚያደርገው ዘግይቶ መገኘቱ ነው። የፊኛ ካንሰር ሲታወቅ ወደ ግድግዳው ሰርጎ የሚገኘው ከ15 እስከ 25 በመቶ በሚሆኑት ላይ ነው፤ የላይኛው ቧንቧ ካንሰር ግን ከሦስት ሰዎች በሁለቱ ላይ ገና ሲታወቅ ሰርጎ ገብቷል።

ደረጃውን ለመለየት በመጀመሪያ የሚመረጠው ምርመራ በኮንትራስት (በደም ሥር ተሰጥቶ ምስሉን በሚያጎላ መድኃኒት) የሚሠራ የሽንት ቧንቧ ሲቲ፣ ማለትም ሲቲ ዩሮግራፊ ነው። የዚህ ታካሚ ኩላሊት ግን ኮንትራስት የሚችል አልነበረም። በእጃችን የነበረው አልትራሳውንድ ነው፤ እሱም የረዳንና ያልረዳን ቦታ በኋላ በሲቲና በፓቶሎጂ (በወጣው አካል የላቦራቶሪ ምርመራ) ሊመሳከር ስለቻለ ጉዳዩን መጻፍ ተገቢ መስሎኛል። የራዲዮሎጂ ሐኪም ነኝ፤ የቀዶ ሕክምናውን ክፍል የምጽፈው ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ካደረግነው ውይይትና ከታካሚው ካርድ ነው። የታካሚውን ማንነት የሚጠቁም ዝርዝር ትቻለሁ።

የታካሚው ሁኔታ

የ68 ዓመት አባት ናቸው። የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በከባድ መኪና ሾፌርነት ሲሆን ለረጅም ዓመታት በአሰብ መንገድ ተመላልሰዋል። ሲጋራ ከ30 ዓመት በላይ አጭሰዋል። ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው፤ መድኃኒታቸውን የሚወስዱት አልፎ አልፎ ነበር።

ሽንታቸው ደም መምሰል የጀመረው እኛ ጋ ከመምጣታቸው ስምንት ወር ያህል በፊት ነው። ለጥቂት ቀን ይቀላና በራሱ ይጠራል፤ ሳምንታት ቆይቶ ይመለሳል። ሕመም የለውም። በሄዱበት ሁሉ “የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን” ተብለው አንቲባዮቲክ ይሰጣቸዋል፤ መድኃኒቱን ሲጨርሱ ደሙም በራሱ የሚቆምበት ጊዜ ስለሚገጥም የተሻላቸው ይመስላቸዋል። አልጋው ላይ ጋደም ብለው እንዲህ አሉኝ፦ “ዶክተር፣ ቢያመኝ ኖሮ ገና ድሮ እመጣ ነበር። ደሙ እኮ ምንም አይለኝም።” በዚህ ዕድሜ፣ ሲጋራ ባጨሰ ሰው ላይ አሳሳቢው ግን ይኸው ሕመም የሌለው ደም ነው።

ይዘውት የመጡት የአልትራሳውንድ ወረቀት አንድ መስመር ብቻ ነበረው፦ በቀኝ ኩላሊት መካከለኛ ሃይድሮኔፍሮሲስ (ውሃ መቋጠር)፣ ጠጠር ሊሆን ይችላል። ውሃው በምን ምክንያት እንደተቋጠረ፣ ዩሬተሩ እስከ የት ድረስ እንደታየ የሚል ነገር የለም።

ችግሩ

ክሬአቲኒናቸው (ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ከፍ የሚለው መለኪያ) 2.6 ነበር፤ የኩላሊት ማጣሪያ አቅማቸው (ጂኤፍአር) ወደ 26 ይሰላል። ኮንትራስት ያለበት ሲቲ በዚያ ቁጥር ላይ የቀረውን የኩላሊት ሥራ ሊያጠፋ ይችላል ብለን ሰጋን። ለኤምአርአይ ወረፋው ረጅም ነበር። ያለ ኮንትራስት የተሠራው ሲቲ አንድ ጥያቄ መለሰልን፦ ጠጠር የለም። በፔልቪሱ ውስጥ ሥጋ መሰል ነገር ይታያል፤ ካንሰር ይሁን የረጋ ደም፣ ወደ ኩላሊቱ ሥጋ ገብቷል አልገባም የሚለውን ግን ያ ሲቲ ሊለይ አይችልም።

ጭንቀቱን ያባባሰው የግራው ኩላሊት ነው። ርዝመቱ 8.7 ሴንቲሜትር ብቻ ሲሆን ሽፋኑ ቀጥኖና ነጥቶ ይታያል፤ ስኳርና ግፊቱ ጎድተውታል። ስለዚህ አብዛኛውን ሥራ ይሸከም የነበረው የታመመውና የተዘጋው ቀኙ ነው። የዚህ ካንሰር መደበኛ ሕክምና ኩላሊቱን ከነዩሬተሩ፣ ዩሬተሩ ፊኛ ውስጥ ከሚገባበት ቁራጭ ጋር ማውጣት ነው። ዕጢው ትንሽ፣ አንድ ብቻ፣ ረጋ ያለ ዓይነትና ያልሰረገ ከሆነ ግን በመሣሪያ ገብቶ ማቃጠልና ኩላሊቱን ማዳን ይቻላል። ለእኚህ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ነው። ደረጃው ኩላሊቱ ከመውጣቱ በፊት መታወቅ ነበረበት።

መጀመሪያ ማስወገድ የነበረብን

በአገራችን ሽንቱ ደም ለሆነ ሰው ሌሎች ሁለት ነገሮች ሳይጣሩ ወደ ካንሰር መዝለል አይገባም። አንደኛው የሽንት ቧንቧ ቲቢ ነው፤ የፔልቪሱን አንገት ያጠባል፣ የዩሬተሩን ግድግዳ ያወፍራል፣ በምስል ላይ ካንሰርን ይመስላል። የሽንት ጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ምርመራ) ነጻ ሆነ፤ የደረት ራጁም ንጹሕ ነበር። ሁለተኛው ቢልሃርዝያ ነው። ሽንትን የሚያደማው ዝርያ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ፣ በአሚባራ አካባቢ ጭምር ይታወቃል፤ የአሰብ መንገድ ሾፌር ደግሞ ያንን አገር ሲያቋርጥ ኖሯል። በሽንቱ እንቁላል አልተገኘም፤ የፊኛው ግድግዳም በአልትራሳውንድ ላይ አልወፈረም፣ ካልሲየም አልያዘም።

የአልትራሳውንድ ምርመራው

ምርመራውን የጀመርነው ታካሚው ውሃ ጠጥተው ፊኛቸው ከሞላ በኋላ ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ የሚታለፈውም እሱ ነው። የሞላ ፊኛ የዩሬተሩን የታችኛው ጫፍ የምናይበት መስኮት ነው፤ ባዶ ከሆነ በዚያ በኩል የሚታይ ነገር የለም።

ፊኛው ውስጥ ዕጢ አልነበረም። ካለር ዶፕለር (ፍሰትን በቀለም የሚያሳየውን) ከፍተን ለጥቂት ደቂቃ ዩሬተሮቹ የሚከፈቱበትን ቦታ ተመለከትን። ከግራ በኩል ሽንት ፊኛ ውስጥ ሲረጭ በየጊዜው ብልጭ ይላል፤ ከቀኝ ምንም የለም። መዘጋቱ ሙሉ ለሙሉ መሆኑን ያመለከተን ይህ ነው። የቀኝ ዩሬተር ታችኛው ጫፍ ግን አልሰፋም፤ መዘጋቱ ከላይ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በግራ ጎናቸው አስተኝተን በጎን በኩል ወደ ቀኙ ኩላሊት ገባን። በፔልቪሱ ውስጥ 3.1 ሴንቲሜትር የሆነ ድፍን ነገር አለ። ከኋላው ጥላ አይጥልም፤ ስለዚህ ጠጠር አይደለም። ቀሪው ጥያቄ የረጋ ደም ነው ወይስ ዕጢ የሚለው ነበር። ታካሚውን ወዲያና ወዲህ አገላበጥናቸው፤ የረጋ ደም ብዙውን ጊዜ ቦታውን ይቀይራል፣ ይህ ግን ከግድግዳው አልተላቀቀም። ዶፕለሩን ለዝግተኛ የደም ፍሰት አስተካከልን፦ የፍጥነት መለኪያውን ዝቅ፣ ማጣሪያውን ዝቅ፣ ትንፋሽ ያዝ። በዕጢው ሥር ቀጫጭን የደም ሥሮች ታዩ። መሣሪያው ለኩላሊት ዋና ደም ሥር በተዘጋጀበት ልክ ቢተው ኖሮ አይታዩም ነበር። የላይኛው ቧንቧ ካንሰር ደም ሥሩ ብዙ ያልሆነ ዕጢ ነው፤ በዶፕለር ላይ ፍሰት አለመታየቱ ካንሰርን ነጻ አያወጣም። መታየቱ ግን የረጋ ደም የሚለውን ግምት ይዘጋል።

ወደ ደረጃው ስንመጣ የምንጠይቀው ይህን ነው። ዕጢው በሽፋኑ ላይ ብቻ ከቀረ ቲኤ ይባላል፤ ከሽፋኑ ሥር ካለው ሕብረ ሕዋስ ከገባ ቲ1፤ ጡንቻው ውስጥ ከገባ ቲ2፤ ጡንቻውን አልፎ ወደ ዙሪያው ስብ ወይም ወደ ኩላሊቱ ሥጋ ከገባ ቲ3፤ ጎረቤት አካል ላይ ከደረሰ ወይም በኩላሊቱ ውስጥ አልፎ ወደ ውጭው ስብ ከወጣ ቲ4። በሆድ ላይ የሚደረገው ፕሮብ (ሞገዱን የሚልከው የአልትራሳውንድ መሣሪያ) ጥልቀት ለማግኘት ዝቅተኛ ሞገድ፣ ወደ 3.5 ሜጋኸርዝ ገደማ፣ ይጠቀማል። በዚያ ሞገድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ግድግዳ ንብርብር በንብርብር መለየት አይቻልም። ስለዚህ ቲኤ፣ ቲ1ና ቲ2 ለዚህ ፕሮብ አንድ ናቸው። ሊያይ የሚችለው ከዚያ በላይ ያለውን ድንበር ነው፦ በፔልቪሱ ዙሪያ ያለው ነጭ ስብ ተጠብቋል? በዕጢውና በኩላሊቱ ሥጋ መካከል መስመር አለ?

በላይኛውና በመካከለኛው ክፍል መስመሩ ነበረ። በታችኛው ጫፍ ግን ጠፋ፤ ዕጢው ወደ ሥጋው ገብቶ ድንበሩ ደበዘዘ፣ ከዚያ ያለው ሥጋም ጠቆር ብሎ ታየ። የኩላሊቱ የውጭ ቅርጽ ግን አልተበላሸም። ይህም ምልክት ነው፤ ከኩላሊቱ ሥጋ የሚነሳው ካንሰር ቅርጹን እያሳበጠ ያድጋል፣ ከሽንት ሽፋን የሚነሳው ደግሞ ቅርጹን ጠብቆ ውስጥ ለውስጥ ይሰርጋል። የኩላሊቱ መላሽ ደም ሥርና ትልቁ የሆድ መላሽ ደም ሥር ንጹሕ ነበሩ። ጉበት ንጹሕ ነበር። በትልቁ ደም ሥር አጠገብ አንድ 1.4 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ክብ የሆነ፣ መካከለኛው ስቡ የጠፋ ንፍፊት አገኘን።

ሪፖርቱ ላይ የጻፍነው በአጭሩ እንዲህ ነበር፦ “የቀኝ ፔልቪስ ዕጢ፣ ደም ሥር ያለው፤ ወደ ኩላሊት ሥጋ መግባቱን የሚያመለክት፣ ቢያንስ ቲ3 የሚጠረጠር። አንድ አጠራጣሪ ንፍፊት። ላይኛውና ታችኛው ዩሬተር ታይቷል፤ መካከለኛው በአንጀት ጋዝ ምክንያት አልታየም።” የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ኋላ ላይ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ጠቀመች።

ሽንቱን በየት እናስወጣ

የተዘጋው ኩላሊት መተንፈስ ነበረበት። ፈጣኑ መንገድ ኔፍሮስቶሚ ነው፤ በጀርባ በኩል በመርፌ ገብቶ ቱቦ ማስቀመጥ። ነገር ግን ዕጢ ባለበት ፔልቪስ ውስጥ በመርፌ ማለፍ የካንሰር ሕዋስ በመንገዱ ላይ እንዲዘራ ሊያደርግ ይችላል። አልትራሳውንዱ ዕጢ መሆኑን አስቀድሞ ባይነግረን ኖሮ “ጠጠር ሊሆን ይችላል” በሚለው ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ኔፍሮስቶሚ መደረጉ አይቀርም ነበር። የዩሮሎጂ ቡድኑ በታች በኩል በዩሬተሮስኮፕ (በዩሬተር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ካሜራ) ገብቶ ናሙና ወሰደና ስቴንት (ሽንት የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ) አስቀመጠ። ይህም ነጻ አይደለም፤ ከቀዶ ሕክምና በፊት በዩሬተር በኩል መግባት ካንሰሩ በፊኛ ላይ የመመለስ ዕድሉን ከፍ እንደሚያደርግ ይታወቃል። ከሁለቱ ጉዳት ቀለል ያለው ተመረጠ።

ናሙናው ከፍተኛ ደረጃ ያለው፣ ማለትም ኃይለኛ ዓይነት የዩሮቴሊያል (የሽንት ቧንቧ ሽፋን) ካንሰር ሆነ። ምን ያህል ሰርጓል ለሚለው ግን መልስ አልሰጠም። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ በዚያ ቀጭን መቆንጠጫ የሚመጣው ቁራጭ ጡንቻ ድረስ አይደርስም።

እዚህ ላይ ቢኖረን ኖሮ የምንለው ነገር በቱቦው ውስጥ ገብቶ የሚያየው የአልትራሳውንድ ፕሮብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በፊላዴልፊያ ቶማስ ጄፈርሰን ዩኒቨርሲቲ ጎልድበርግ፣ ባግሊና ሊዩ ስለዚህ ዘዴ ጽፈዋል። ቀጭኑ ፕሮብ በዩሬተር ውስጥ ገብቶ 12.5 ወይም 20 ሜጋኸርዝ ሞገድ ይልካል። ጥልቀቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ግድግዳውንና በጀርባው ያለውን ስብ ግን ከሆድ ላይ በማይገኝ ጥራት ያሳያል። ዋጋው ውድ ስለሆነ በጥቂት ቦታ ብቻ ይሠራበታል። በደም ሥር የሚሰጥ ደቃቅ አረፋ የሚጠቀመው የኮንትራስት አልትራሳውንድም ነበር፤ አረፋው በትንፋሽ ስለሚወጣ ኩላሊትን አይጎዳም። እሱም በእጃችን አልነበረም።

ሲቲው ሲሠራ

ስቴንቱ ከገባ በኋላ ክሬአቲኒኑ ወደ 1.7 ወረደ፤ ጂኤፍአሩ ወደ 43 ተጠጋ። በደም ሥር ፈሳሽ ተሰጥቶ ሲቲ ዩሮግራፊ ተሠራ። ወደ ኩላሊቱ ሥጋ መግባቱን አረጋገጠ። ንፍፊቱንም በዚያው መጠን አሳየ። ከዚያ አልትራሳውንዱ ያላየውን አመጣ፦ በመካከለኛው ዩሬተር፣ “አልታየም” ብለን በጻፍንበት ቦታ፣ ሁለተኛ 8 ሚሊሜትር ዕጢ። ሳንባ ንጹሕ ነበር።

ያቺ መስመር ባትኖር ቀዶ ሐኪሙ ዩሬተሩ ንጹሕ ነው ብሎ ሊያስብ ይችል ነበር። ስለ ነበረች ሲቲውን ሲያነብ የመጀመሪያ ጥያቄው እሱ ሆነ።

ውሳኔው

ቤተሰቡ ተጠራ። ታላቅ ልጃቸው ሁሉንም ጽፎ ይይዝ ነበር። ታካሚው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ “ካወጣችሁት በኋላ በማሽን ነው የምኖረው ማለት ነው?”

ቀዶ ሐኪሙ አልሸፈነም። “ጋሼ፣ ሊሆን ይችላል። የግራው ደካማ ነው። ግን ይሄኛው ከተተወ ካንሰሩ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ውስጥ መግባቱን በምስል አይተነዋል። ላዩ ላይ ቢሆን ኖሮ አቃጥለን እንተወው ነበር።”

ልጁ የዲያሊሲስን ወጪ ጠየቀ፣ ተነገረው። ለማሰብ ጊዜ ወሰዱና ተስማምተው ተመለሱ። ውይይቱ እንዲህ ግልጽ ሊሆን የቻለው ደረጃው በምስል ስለታወቀ ነው፤ ዝም ብሎ “ዕጢ አለ” ተብሎ ቢሆን ኖሮ አንድ የሚሠራ ኩላሊት ስጡን ማለት ይከብድ ነበር።

ኬሞቴራፒ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይሰጥ ወይ የሚለው ላይ ረጅም ክርክር ነበር። ሲስፕላቲን የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ኩላሊትን ይጎዳል፤ ጂኤፍአር 43 ላይ ላለ ሰው አስጊ ነው። በሌላ በኩል ኩላሊቱ ከወጣ በኋላ ለመድኃኒቱ የሚሆን አቅም ላይቀር ይችላል። የካንሰር ሐኪሙ አደጋውን አይቶ ቀዶ ሕክምናው እንዲቀድም መከረ።

ቀዶ ሕክምናና ፓቶሎጂ

ቀኙ ኩላሊት፣ ሙሉው ዩሬተርና የፊኛው ቁራጭ ወጡ፤ ንፍፊቶቹም ተወሰዱ። ፓቶሎጂው ከፍተኛ ደረጃ ያለው ካንሰር፣ ወደ ኩላሊት ሥጋ የገባ፣ ቲ3 አለ። በዩሬተሩ ላይ የነበረው ሁለተኛው ዕጢ በሽፋኑ ላይ የቀረ ነበር። ንፍፊቶቹ ካንሰር የለባቸውም፤ ያ ትልቁና ያጠራጠረን ከመቆጣት የመጣ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በፊኛ ውስጥ አንድ ጊዜ የሚፈስ መድኃኒት የካንሰሩን መመለስ ይቀንሳል፤ በጊዜው አልተገኘም። ክሬአቲኒኑ ወደ 3.1 ወጥቶ ቆመ። ፖውት የተባለውና እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የእንግሊዝ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ በ90 ቀን ውስጥ የሚጀመር ኬሞቴራፒ እንደሚጠቅም አሳይቷል፤ ነገር ግን ጂኤፍአር ከ30 በታች የሆኑትን አልጨመረም። የእሳቸው ወደ 21 ወርዶ ነበር፤ መድኃኒቱ አልተሰጠም።

የሠራውና ያልሠራው

አልትራሳውንዱ ዕጢን ከጠጠርና ከረጋ ደም ለየ፤ ኔፍሮስቶሚን አስቀረ፤ ቲ3 መሆኑን ከሲቲ በፊት አመለከተ፤ ደም ሥሮቹና ጉበቱ ነጻ መሆናቸውን በትክክል ተናገረ። በንፍፊቱ ላይ ተሳሳተ። በምስል ላይ ክብ መሆንና መተለቅ ካንሰር ማለት አይደለም፣ በተለይ የተዘጋና ሊቆጣ የሚችል ኩላሊት አጠገብ ላለ ንፍፊት። መካከለኛውን ዩሬተር ጭራሽ አላየም። ቲ2ንና ከዚያ በታች ያሉትን ደረጃዎች መለየት አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ድንበሩ ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ “አልሰረገም” ልንል አንችልም ነበር። አልትራሳውንድ ላይ መስመሩ መጥፋቱ ትልቅ ዋጋ አለው፤ መስመሩ መኖሩ ግን የሚያረጋግጠው በጣም ጥቂት ነው።

ያመለጠን ትልቁ ነገር ጊዜ ነው። ከስምንት ወር በፊት፣ ምናልባት ኩላሊቱ ኬሞቴራፒ የሚችልበት ጊዜ ነበር። የዚያን ጊዜው አልትራሳውንድ ውሃውን አየ፣ ውሃውን የያዘውን ነገር ግን አልተከተለም።

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሥራ የሚወሰድ

ሕመም የሌለው ደም ያለበትና ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው፣ በተለይ አጫሽ ከሆነ፣ በሽንት ካልቸር ምርመራ ላይ ምንም ጀርም ሳይበቅል ለሁለተኛ ጊዜ አንቲባዮቲክ ሊሰጠው አይገባም። የሽንት ቧንቧው በሙሉ መታየት አለበት።

ሃይድሮኔፍሮሲስ ያገኘ ሰው ሪፖርቱን ከመፈረሙ በፊት ዩሬተሩ የት ድረስ እንደሰፋና የት እንደቆመ ይጻፍ። ፊኛው ሞልቶ ይታይ፤ ሽንት መርጨቱ በዶፕለር ይታይ። ጠጠር ካልታየ “ጠጠር ሊሆን ይችላል” የሚለው ግምት መዘግየትን ያመጣል፤ “ምክንያቱ አልታየም፣ ዕጢን ማስወገድ ያስፈልጋል” ማለት ይሻላል።

ፔልቪስ ውስጥ ድፍን ነገር ሲገኝ ዶፕለሩ ለዝግተኛ ፍሰት ይስተካከል፣ ታካሚው ይገላበጥ፣ ከኩላሊቱ ሥጋና ከስቡ ጋር ያለው ድንበር በየክፍሉ ይገለጽ። ያልታየ ክፍል በስሙ ይጠራ። ክሬአቲኒን ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ስቴንት ከገባ በኋላ መልሶ መለካት ይገባል፤ መጀመሪያ የተከለከለው ሲቲ በኋላ ሊፈቀድ ይችላል።

የታካሚው ሁኔታ አሁን

በሦስተኛው ወር ፊኛቸው በካሜራ ሲታይ ትንሽ ዕጢ ተመልሶ ተገኝቶ ተወግዷል። ይህ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከ22 እስከ 47 በመቶ በሚሆኑ ሰዎች ላይ የሚገጥም ነው፤ በዩሬተሮስኮፕ መግባታችን ያመጣው ይሁን አይሁን በአንድ ሰው ላይ መለየት አይቻልም። ክሬአቲኒናቸው በ3 አካባቢ ቆሟል፤ ዲያሊሲስ አልጀመሩም፤ ስኳርና ግፊታቸውን የሚከታተለው ልጃቸው ነው። በየሦስት ወሩ ፊኛቸው በካሜራ ይታያል። የቀረው ግራ ኩላሊት፣ ጉበትና ኩላሊቱ የነበረበት ቦታ ደግሞ፣ ኮንትራስት ስለማይቻል፣ በአልትራሳውንድ ይከታተላል።